በጨዋታም ቢሆን መርዶ አይደበቅም

ሰው የሚዋሸው በክፋት ብቻ ይመስለናል። እኔ ግን በዕድሜዬ ካየሁት ውሸት የሚበዛው በርኅራኄ ስም የተነገረው ነው። ክፉ ውሸት ቶሎ ይታወቃል፤ ሰውም ይጠነቀቀዋል። የርኅራኄ ውሸት ግን የደግ ሰው ልብስ ለብሶ ስለሚመጣ በሩን ከፍተን፥ ወንበር ስበን እናስቀምጠዋለን። ስለዚህ ውሸት ለመጻፍ የተነሣሁት በታላቅ የመንግሥት ጉዳይ ምክንያት አይደለም፤ በቱርሚ ከተማ፥ እሑድ ከሰዓት በኋላ፥ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ በተደረገ ጨዋታ ምክንያት ነው። ወጣት አንባቢ «በጨዋታ ምን ቁም ነገር አለ?» ብሎ ገጹን ከማለፉ በፊት ጥቂት እንዲታገሠኝ እለምነዋለሁ።

ጨዋታው ከውጭ አገር የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 ዓ.ም. ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» ብለው አወጡት፤ ከዚያም ወዲህ ብዙ መሰሎችን ወልዷል። አሠራሩ እንዲህ ነው፤ አራት ወይም አምስት ሰዎች ተሰብስበው እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ሰው በሐሳባቸው ይፈጥራሉ፤ ስም ያወጡለታል፥ ጠባይና ሙያ ይሰጡታል። ከመካከላቸው አንዱ ዳኛ ይሆናል። ዳኛው አገሩን፥ ወንዙን፥ ሽፍታውንና አውሬውን ይተርካል፤ ተጫዋቾቹም «የእኔ ሰው እንዲህ ያደርጋል» እያሉ ይመልሳሉ። ነገሩ አጠራጣሪ በሆነ ጊዜ ዳይስ ይጣላል፤ ዋነኛው ዳይስ ባለ 20 ገጽ ነው። ታሪኩ በአንድ ቀን አያልቅም፤ ወራትና ዓመታት ይሄዳል፤ ይህንም ዘመቻ ይሉታል። በዘመቻ ውስጥ ደግሞ፥ እንደ ማናቸውም ዘመቻ፥ ሰው ይሞታል። ጥያቄዬም ይህ ነው፦ ተጫዋቹ በሐሳቡ ለወራት አብሮት የኖረው ሰው በዳይሱ ፍርድ ሲሞት ዳኛው ምን ማድረግ ይገባዋል?

ብዙዎች «ዳይሱን ሸሽግና አልሞተም በል፤ ጨዋታ አይደለም እንዴ?» ይላሉ። እኔም አንድ ጊዜ እንዲሁ አድርጌአለሁ። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ከሁሉ አስቀድሜ የምከሰው ራሴን ነው።

በቱርሚ የምኖረው በመምህርነት ነው። ቱርሚ በሐመር ምድር ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ሰኞ ገበያዋ ስለ ሆነ ከየመንደሩ ቅቤና ማር፥ ማሽላና ፍየል ይዞ የሚመጣው ሰው ይሞላታል፤ እሑድ ግን ጸጥ ያለች ናት። አንድ መንገደኛ በዚህ አልፎ ሲሄድ የጨዋታውን መጽሐፍና ዳይሶቹን ተወልኝ። እኔም አምስት ወጣቶች ሰበሰብሁ። በመጽሐፉ የነበረውን ዘንዶና ጠንቋይ ትተን ዘመቻውን በምናውቀው ምድር ላይ አደረግነው፤ በድርቅ ዘመን ከብታቸውን ይዘው ወደ ኦሞ ወንዝ የሚወርዱ የመንገደኞች ጓድ ታሪክ ሆነ። ከአምስቱ አንዱ የፈጠረው ሰው በእንጨት ታንኳ መንገደኛ የሚያሻግር ሽማግሌ ነበር። ነገረ ሥራው ሁሉ ጥንቃቄ ነበር፤ ውኃውን በዘንጉ ሦስት ጊዜ ሳይለካ እግሩን አያነሣም።

በዚህ አገር ውኃ የተረት ጌጥ ብቻ አለመሆኑን አንባቢ ይወቅ። በነሐሴ ወር 1998 ዓ.ም. ኦሞ ከአፉ ሞልቶ በዳሰነች ምድር ከ300 የሚበልጡ ሰዎችንና በብዙ ሺሕ የሚቆጠር ከብት ወስዷል። በቱርሚ አጠገብ ያለው ካስኬም በደረቁ ወራት አሸዋ ብቻ ሆኖ ሰዎች ጉድጓድ እየማሱ ውኃ ይቀዱበታል፤ በላይ አገር ሲዘንብ ግን በድንገት ይደርሳል። ስለዚህ «ወንዙ መጣ» ብዬ በተረክሁ ጊዜ ከልጆቹ አንድም የሚስቅ አልነበረም።

በአንድ እሑድ የአሻጋሪው ታንኳ በደራሽ ውኃ መካከል ተገለበጠ። ሽማግሌው በማዶ የቀረችውን አንዲት ሕፃን ሳላመጣ አልቀርም ብሎ ነበርና አደጋው በራሱ ምርጫ የመጣ ነው። መጽሐፋችን እ.ኤ.አ. በ2014 ዓ.ም. የወጣው ደንብ ነበር። በዚያ ደንብ ኃይሉ ያለቀበት ሰው በሞትና በሕይወት መካከል ሆኖ ዳይስ ይጣልለታል፤ 10 ወይም ከ10 በላይ ሦስት ጊዜ ቢወጣ ነፍሱ ትጸናለች፤ ከ10 በታች ሦስት ጊዜ ቢወጣ ይሞታል። ሁለት ለሁለት እኩል ሆነ። ይህን ዳይስ ደንቡ ለባለቤቱ ይሰጠዋል፤ እኔ ግን «ለእኔ ተወው» ብዬ ካቆምሁት መጽሐፍ በስተ ኋላ ጣልሁት። 4 ወጣ። ቀና ብል አምስቱም ትንፋሻቸውን ይዘው ያዩኛል። «14!» አልሁ።

ቤቱ በእልልታ ተሞላ። በግርግሩ መካከል መጽሐፉ ወደቀ፤ እኔም ዳይሱን ቶሎ ብዬ አነሣሁት። ያየኝ ሰው የለም ብዬ ተጽናናሁ፤ እንዲያውም ደግ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ያን ሌሊት ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን አሻጋሪው ሌላ ሰው ሆነ። ያ ጥንቁቅ ሽማግሌ ሽፍታ ባደፈጠበት ዱር እየዘፈነ ይገባ ጀመር። ውኃውን በዘንግ መለካት ተወ። ጓደኞቹ ሲገሥጹት «እኔን ምን ያገኘኛል?» እያለ ይስቃል። ሌሎቹም ሳይታወቃቸው እርሱን መሰሉ፤ የሚፈራ ጠፋ፤ የሚመክር ጠፋ፤ አንዱ ለሌላው ሲል ራሱን አደጋ ላይ ቢጥል የሚደነቅ ጠፋ። በአራተኛው እሑድ ሁለቱ ቀሩ። በአምስተኛው እሑድ ጨዋታው ቶሎ አልቆ ሁሉም ሲበተኑ የአሻጋሪው ባለቤት ብቻውን ወደ ኋላ ቀረ።

«ጋሼ፤ አሻጋሪው እኮ ያን ቀን ሞቷል» አለኝ።

የምመልሰው ቢጠፋኝ «እንዳታዝን ብዬ ነው» አልሁት።

«እነርሱም ያሉኝ ይህንኑ ነው» አለ።

«እነርሱ» ያላቸው ዘመዶቹን ነበር። እናቱ ያረፈችው እርሱ ጂንካ ለፈተና ሲዘጋጅ ሳለ ነው። ልጁ ፈተናውን እንዳይወድቅ ብለው ዘመዶቹ ነገሩን ሸሸጉት። ስልክ ሲደውል አንድ ጊዜ «ተኝታለች»፥ አንድ ጊዜ «ገበያ ወጥታለች»፥ ሌላ ጊዜም «ደህና ናት፤ ሰላም ብላሃለች» ይሉት ነበር። ከሁለት ወር በኋላ ሲመለስ ድንኳኑ ፈርሶ፥ ዐርባው ወጥቶ፥ ጎረቤቱ ሁሉ ወደ ሥራው ገብቶ አገኘው። «ሁሉም አልቅሰው ጨርሰው ነበር፤ እኔ ብቻዬን ጀመርሁ» አለኝ። ከዚያም ጥቂት ዝም ብሎ «ከዚያ ወዲህ ደህና ነው የሚለኝን ሰው አላምንም፤ ጋሼን ግን አምን ነበር» አለ።

አንባቢ ሆይ፤ በዚያች ሰዓት የተሰማኝን ኀፍረት ልገልጽልህ አልችልም። ልጁን ከአንዲት ትንሽ ኀዘን አድነዋለሁ ብዬ የቀረችውን ትንሽ እምነቱን ወሰድሁበት።

አሁን ወደ ክርክሩ እመለሳለሁ። ውሸቱን የሚደግፉ ሰዎች የሚያቀርቡት ምክንያት ብዙ ነው፤ አንድ በአንድ ልመልስላቸው።

የመጀመሪያዎቹ «ባህላችን ራሱ መርዶን ያቆያል፤ አንተ ምን ቤት ነህ?» ይላሉ። ባህላችንን አላውቅም ብለው ከሆነ ተሳስተዋል። ሽማግሎች መርዶ የሚያቆዩት ሰው በመንገድ ላይ ብቻውን ሰምቶ እንዳይወድቅ ነው። ዘመድና ጎረቤት ይሰበሰባል፤ የሚደግፍ ሰው በአጠገቡ ይቆማል፤ ማለዳ ሳይነጋ በር ይንኳኳል፤ ከዚያ በኋላ ይነገረዋል። ይህ ማዘጋጀት ነው እንጂ መደበቅ አይደለም። መርዶ የሚያቆይ ሰው የሚያስበው ለኀዘንተኛው ነው፤ መርዶ የሚደብቅ ሰው ግን የሚያስበው የኀዘንተኛውን ፊት ላለማየት ነው። እኔም ዳይሱን የሸሸግሁት፥ እውነቱን ከተናገርሁ፥ የልጁን ፊት ማየት ፈርቼ ነው።

ሁለተኞቹ «ጨዋታ የተፈጠረው ለደስታ ነው፤ በጨዋታ ሞት ምን ክብር አለው?» ይላሉ። እነዚህ የአባቶቻችንን ሰንጠረዥ ረስተዋል። ዛሬ የሚጫወተው ጥቂት ቢሆንም በቀድሞው ዘመን በየመኳንንቱ አዳራሽ የተወደደ ጨዋታ ነበር። በአገራችን የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ዋልተር ፕላውደን ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1868 ዓ.ም. በታተመው መጽሐፉ ስለዚሁ ጽፎአል። በዚያ ጨዋታ ንጉሡን መግደል ብቻ አይበቃም፤ አገዳደሉም ይታያል። ኃይለኛ በሆነው በደር ወይም በፈረስ የገደለ ሰው ብዙ አይመሰገንም፤ በፊሎች የገደለ ይመሰገናል፤ በትንንሾቹ ወታደሮች፥ በመደቆቹ፥ የገደለ ግን አዳራሹ ሁሉ ያደንቀዋል። እንግዲህ የእንጨት ንጉሥ እንኳ እንዴት መሞት እንዳለበት ሥርዓት ያወጡ አባቶች፥ በጨዋታ ሞት ክብር የለውም የሚለውን ሰው ሲሰሙ ምን ይሉት ነበር?

ከዚሁ ሰንጠረዥ ሁለተኛ ትምህርት አለ፤ ይኸውም ለጨካኝ ዳኞች ነው። ተጫዋቾችን መፍጀት ሙያ የሚመስላቸው ዳኞች አሉ። ጋይጋክስ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1975 ዓ.ም. ለውድድር ያቀረበውና በ1978 ዓ.ም. የታተመው «ቱም ኦቭ ሆረርስ» የሚባለው ዘመቻ ወጥመዱ ከመብዛቱ የተነሣ ሰው በመግደል ስሙ የወጣ ነው። ለውድድር ሲሆን ሁሉም ዐውቆ ስለሚገባ ነውር የለውም። ነገር ግን በየሳምንቱ ወዳጆቹን ሰብስቦ፥ ምልክት በሌለው ጉድጓድ ጥሎ፥ «ደንቡ ነው» ብሎ የሚስቅ ዳኛ በደር እንደ ገደለ ሰው ነው። ዓለሙ በሙሉ በእጁ ሳለ አንዱን ምስኪን መንገደኛ ቢገድል ምን ጀግንነት አለው? ውሸትን ስነቅፍ ጭካኔን አመሰገንሁ ብሎ የሚያስብ ሰው እንዳይኖር ይህን ጨምሬ ተናገርሁ።

ሦስተኞቹ ብልሆች ናቸው። «ይሙት፤ ነገር ግን እናስነሣዋለን» ይላሉ። በደንቡ መሠረት ከሞተ 10 ቀን ያላለፈውን ሰው 500 ወርቅ የሚያወጣ አልማዝ ከፍሎ በድግምት ማስነሣት ይቻላል። ደንቡ ስለ ሆነ ውሸት አይደለም፤ በእኔ አስተያየት ግን በብዛት ሲደረግ ሞትን ወደ ቀረጥ ይለውጠዋል። ገንዘብ ያለው ይነሣል፤ የሌለው ተቀብሮ ይቀራል። በዓለም ላይ እንዲህ ያለው አድልዎ መች አነሰንና በጨዋታችንም እንጨምረው?

አራተኛዋ የጎረቤቴ እናት ናቸው። እኒህ ሴት ልጆቹ ስለ አሻጋሪው ሲያወሩ ሰምተው «ልጄ፤ ሞትን በአፍ አይጠሩትም፤ አታሟርቱ» አሉኝ። እርሳቸውን አከብራለሁ፤ ፍርሃታቸውም የእርሳቸው ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በአሜሪካ ብዙ ወላጆች ይህ ጨዋታ ልጆችን ራስን ወደ መግደል ይመራል ብለው ከሰውት ነበር፤ ክሱ በማስረጃ ሳይጸና ቀረ። ለእኒህ እናት የመለስሁላቸው እንዲህ ብዬ ነው፦ «እማማ፤ ልጆቹ ሞትን በእኔ ቤት አልተዋወቁትም፤ ቀድሞ በየቤታቸው ገብቶ ወጥቷል። በእኔ ቤት የሚማሩት አብረው ማልቀስን ነው።» እርሳቸውም ጥቂት አሰብ አድርገው «አብረው ከሆነስ ደግ» አሉኝ።

ታዲያ ርኅራኄ በዳኛ ዘንድ ቦታ የለውም ማለቴ ነውን? አይደለም። ቦታውን ያሳየኝ ከአምስቱ ወጣቶች አንዱ የሆነ የሐመር ልጅ ነው። ሐመሮች ጎልማሳ ለመባል ከብት እንደሚዘሉ የታወቀ ነው። ከብቶቹ ጎን ለጎን ይሰለፋሉ፤ ወጣቱ ራቁቱን ሆኖ በጀርባቸው ላይ እየሮጠ ደጋግሞ ይመላለሳል፤ ዘመዶቹም ሁሉ ቆመው ያዩታል። ስለ ዳይሱ ጉዳይ ስንነጋገር ይህ ልጅ እንዲህ አለ፦ «ጋሼ፤ ወንድሜ ሲዘል ማዞቹ ከብቶቹን በቀንድና በጅራት ይዘውለት ነበር። እርሱን ግን የያዘው ሰው የለም።»

እኔ በብዙ ቃል ልገልጸው ያልቻልሁትን ይህ ልጅ በሁለት አረፍተ ነገር ጨረሰው። ማዞቹ፥ ማለት ቀድመው የዘለሉት ጎልማሶች፥ የሚረዱት በግልጥ ነው፤ የሚረዱትም ከሩጫው በፊትና በሩጫው ጊዜ ከብቱ እንዳይናወጥ በመያዝ ነው። እርሱ ቢወድቅ ግን «አልወደቀም» ብሎ የሚምል የለም። እንዲህ ቢደረግ የወደቀው ብቻ ሳይሆን በእውነት የዘለለውም ይዋረዳል፤ ዘለለ የተባለውን ሁሉ ሰው ይጠራጠረዋልና። ዳኛም እንዲሁ ያድርግ። መራራት ከፈለገ ዳይሱ ከመውደቁ በፊት ይራራ። «ወንዙ እየጮኸ ነው፤ የላይ አገር ሰማይ ጠቁሯል» ብሎ ያስጠንቅቅ። ገመድ የያዘ መንገደኛ በዳር ያቁም። ለጓደኞቹ የመርዳት ዕድል ይስጥ። ዳይሱ ከወደቀ በኋላ ግን እጁን ይሰብስብ።

እንዲያውም ከዚህ የሚቀድም ነገር አለ፤ ይኸውም ስምምነት ነው። ሮን ኤድዋርድስ የተባለው አሜሪካዊ የጨዋታ ደራሲ መሥመርና መጋረጃ የሚል ልማድ አስተምሯል። መሥመር ማለት በጨዋታው ፈጽሞ የማይነካ ነገር ነው፤ መጋረጃ ማለት ደግሞ ቢሆንም በዝርዝር የማይተረክ ነገር ነው። ዘመቻው ሳይጀመር ተጫዋቾቹ ተቀምጠው «በእኛ ጨዋታ ሰው ይሞታል ወይስ አይሞትም?» ብለው ይስማሙ። ኀዘን የከበደበት ሰው ካለ «አይሞትም» ተብሎ ቢወሰን ነውር የለውም፤ ሁሉም ዐውቆታልና ውሸት አይደለም። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ2015 ዓ.ም. ስቲቨን ዱዊ ያወጣው «ቴን ካንድልስ» የተባለ ጨዋታ አለ፤ አሥር ሻማ በርቶ ይጀመራል፤ በመጨረሻ የሚተርፍ ሰው እንደሌለ ለሁሉም አስቀድሞ ይነገራል። ሰዎችም ይህን እያወቁ በደስታ ይጫወቱታል። ከዚህ የምንረዳው ሰውን የሚጎዳው የሞቱ ታሪክ ሳይሆን መታለሉ መሆኑን ነው። እኔ ልጁ በመካከላችን መርዶ የተደበቀበት ሰው መሆኑን አላወቅሁም ነበር፤ አስቀድሜ ብጠይቀው ኖሮ ግን አውቀው ነበር።

በሚቀጥለው እሑድ አምስቱንም አስጠራኋቸውና «የወጣው 4 ነበር፤ ዋሽቻችኋለሁ፤ አሻጋሪው በዚያ ቀን ሞቷል» ብዬ ተናገርሁ። ተነሥተው ይሄዳሉ ብዬ ነበር፤ አልሄዱም። ያን ቀን ዳይስ አልተጣለም። ለአሻጋሪው ልቅሶ ተቀመጥን። አንዱ ተነሥቶ ሽማግሌው ያለ ዋጋ ያሻገረውን መንገደኛ አስታወሰ፤ ሌላው በጥም ጊዜ ውኃውን ያካፈለበትን ሌሊት ተናገረ፤ የሐመሩ ልጅ ሽማግሌው የለመደውን ቀልድ ደገመ፤ ሳቅን። ባለቤቱ ሁሉንም አዳመጠ። በመጨረሻ ተራው ሲደርስ ስለ አሻጋሪው ጥቂት ጀምሮ ስለ እናቱ ጨረሰው። ማንም አላቋረጠውም። ቡና ተፈልቶ ስንጠጣ መሸ።

ልጁ በሳምንቱ አዲስ ሰው ፈጥሮ መጣ። ይህም በዚያ የደራሽ ውኃ ዕለት በማዶ ቀርታ የነበረችው ሕፃን ስትሆን፥ አድጋ የሽማግሌውን ዘንግ ይዛ ነበር። ወንዝ ዳር ስንደርስ ዘንጉን ውኃው ውስጥ አጥልቃ ሦስት ጊዜ ለካች። አምስቱም ትንፋሻቸውን ያዙ። ዳይሱ ዛሬ ከመጽሐፍ ኋላ ሳይሆን በጠረጴዛው መካከል ይጣላል፤ የሚጥለውም ባለቤቱ ነው።

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ አንተ ይህን ጨዋታ ላትጫወት ትችላለህ። ነገር ግን አንድ ቀን መጥፎ ወሬ በእጅህ ይወድቃል፤ የሚጠብቅህም ሰው ትንፋሹን ይዞ ያይሃል። ያን ጊዜ የፈለግኸውን ያህል ቃልህን አለስልስ፤ ሰው ሰብስብ፤ በአጠገቡ ቁም፤ እጁንም ያዝ። ቁጥሩን ግን አትለውጥ። 4 ከሆነ 4 በል፤ ከዚያም አብረኸው ተቀመጥ።